ሙሾ ወይስ እንጉርጉሮ? በባሕር ዳር አንድ ክፍል የተሠራ የጋራ የተውኔት ፕሮጀክት (የጉዳይ ጥናት)

መነሻ

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን ጠዋት፣ የአንዲት ተማሪዬ እናት የመምህራን ማረፊያ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ገና ሰላም ሳልላቸው፣ "መምህር፣ ልጄ ጓዳ ገብታ ሙሾ ታወርዳለች። ማን ሞቶብን ነው? ኧረ በሕግ አምላክ!" አሉኝ።

ልጅቷ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሙሾውን የምትለማመደው እኔ በሰጠሁት የቡድን ሥራ ምክንያት ነበር። የእናትየው ቅሬታ ፕሮጀክቱን ለማስቆም ትንሽ ነው የቀረው። በኋላ ግን ተማሪዎቼ ተውኔቱን ጠልቀው ያነበቡት በዚያ ቅሬታ ምክንያት ሆነ። ይህን ጉዳይ ልጽፈው የወሰንኩት ለዚህ ነው። የትምህርት ቤቱንም የሰዎቹንም ስም አልጠቅስም።

ክፍሉና ተውኔቱ

ትምህርት ቤቱ ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከጣና ዳርቻ በእግር ሩብ ሰዓት የማይሞላ ርቀት ላይ ነው። ክፍሉ 42 ተማሪዎች አሉት። የማስተምረው አማርኛ ነው። ስለ ተውኔት በምናስተምርበት ምዕራፍ ከአገራችን ሥራዎች ጎን አንድ ጥንታዊ ተውኔት አብረን ብናነብ ብዬ አሰብኩ። የመረጥኩት የጥንቱን ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት፣ የሶፎክለስን አንቲጎኔ ነው።

ተውኔቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ441 ገደማ በአቴንስ ለመድረክ እንደበቃ ይገመታል። ታሪኩ ባጭሩ ይህን ይመስላል። ሁለት ወንድማማቾች ለቴብስ ዙፋን ተዋግተው ይገዳደላሉ። አጎታቸው ክሬዎን ይነግሣል። ከተማዋን ሲከላከል የሞተው ኤቴዎክሌስ በክብር ይቀበር፣ የባዕድ ጦር ይዞ የመጣው ፖሊኒቄስ ግን ለአሞራና ለውሻ ይጣል ብሎ አዋጅ ያስነግራል። እህታቸው አንቲጎኔ አዋጁን ጥሳ የወንድሟን ሬሳ አፈር ታለብሳለች። ክሬዎን ከነሕይወቷ ዋሻ ውስጥ እንድትዘጋ ይፈርድባታል። እሷም እዚያው ራሷን ትሰቅላለች። የክሬዎን ልጅና የእሷ እጮኛ የሆነው ሄሞን በሰይፉ ይሞታል። እናቱ ኤውሪዲቄም ይህን ሰምታ ራሷን ታጠፋለች።

ይህን ተውኔት የመረጥኩት በቀብር ምክንያት ነው። እድር ባለበት አገር ያደገ ልጅ ሬሳ ሳይቀበር መቅረት ምን ማለት እንደሆነ ማብራሪያ አያስፈልገውም። የተጣላ ሰው እንኳ ለቀብር ይወጣል። ሌላው ዓለም መግቢያ የሚያስፈልገው ነገር እኛ ዘንድ በደጃችን አለ።

ተውኔቱ ከ1,300 በላይ ስንኞች አሉት። ክረምቱን ከእንግሊዝኛ ትርጉም እያየሁ ወደ አማርኛ መለስኩት። በግጥም ሳይሆን በዝርው ነው። ውበቱ ጎድሏል፣ ግን ይነበባል።

የመጀመሪያው ሙከራ

ከዚያ ቀደም በነበረው ዓመት ከሌላ ክፍል ጋር ሞክሬው ነበር። "በቡድን ሆናችሁ ከተውኔቱ የፈለጋችሁትን ፍጠሩ" አልኩ። ነፃነት መስጠቴ ነበር። ፖስተር ተሣለ፣ በነጠላና በአቡጀዲ የግሪክ ልብስ ተሰፋ፣ አንድ ቡድን በስልክ ቪዲዮ ቀረጸ። ግድግዳው አማረ። ርዕሰ መምህሩም መጥተው አጨበጨቡ።

ከዚያ ጠየቅኳቸው። "ክሬዎን ቀብሩን ለምን ከለከለ?" ዝም። "ጨካኝ ስለሆነ" አለ አንዱ። ፖስተሩን የሣለው ልጅ ተውኔቱን ከግማሽ በላይ አላነበበም ነበር። ስድስት ስም በተጻፈበት ወረቀት ላይ የሠራችው አንዲት ልጅ ብቻ መሆኗን ጽሑፉ ራሱ ይናገራል።

ልጆቹን አልወቅስም። የቡድን ሥራ ሲባል የሚያውቁት የ1ለ5 አደረጃጀትን ነው። አንድ ጎበዝ ይሠራል፣ አምስቱ ስማቸውን ያስገባሉ። ጥፋቱ የአሰጣጤ ነበር። ሥራው ተቆራርሶ ሊሠራ የሚችል ነው። አንዱ ቡድን የሌላውን ሳያይ መጨረስ ይችላል። በቡድኑ ውስጥም አንዱ የሌላውን ሳያነብ ይጨርሳል።

ሥራው እንደገና ሲታሰብ

በሁለተኛው ዓመት 42ቱን ተማሪዎች ስድስት ስድስት አድርጌ በሰባት ቡድን ከፈልኳቸው። እያንዳንዱ ቡድን አንድ ትዕይንት ወሰደ። ከትዕይንቱ ጋር መልሱ ጽሑፉ ውስጥ ብቻ የሚገኝ አንድ ጥያቄ ሰጠሁ። ለምሳሌ ለሄሞን ቡድን፣ "ልጁ አባቱን ለማሳመን በመጀመሪያ የሚያመሰግነው ለምንድን ነው?" የሚል ነበር።

ዋናው ለውጥ ኮረሱ ነው፤ ኮረስ በግሪክ ተውኔት በትዕይንቶች መካከል በጋራ እየዘመረ ስለ ታሪኩ የሚናገር ቡድን ነው። ሶፎክለስ የኮረሱን አባላት ከ12 ወደ 15 እንዳሳደገ ይነገራል። በአንቲጎኔ ኮረሱ የቴብስ ሽማግሌዎች ናቸው። ከየቡድኑ ሁለት ሁለት ልጅ ወሰድኩ፤ 14 ሆኑ። አንድ መሪ በድምፅ ብልጫ ተጨመረ፤ 15 ሞላ። ኮረሱ የማንም ቡድን አልሆነም። ከእያንዳንዱ ትዕይንት በኋላ ምን እንደሚል የሚወስነው ግን ትዕይንቱን ሰምቶ ነው። ስለዚህ አንድ ቡድን ከዘገየ ሁሉም ይቆማል። ኮረስ ውስጥ ያሉት ልጆች የሰሙትን ይዘው ወደ ቡድናቸው ይመለሳሉ፤ "እነሱ ክሬዎንን እንዲህ ካደረጉት እኛ እንዲያ ማድረግ አንችልም" ይላሉ። እኔ ያላዘዝኩት ክርክር በራሱ መጣ።

ክሬዎን ራሱ ችግር ነበር። ብዙ ትዕይንት ላይ ስላለ በየቡድኑ ሌላ ልጅ ይጫወተዋል። ተመልካች እንዳይደናገር አንድ ዘንግ አዘጋጀን። ዘንጉን የያዘ ክሬዎን ነው። ዘንጉ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ሥልጣን የሚተላለፍ መሰለ፤ ይህን አስቀድመን አላሰብነውም። አዋጁን በእኛ ወግ፣ "የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" ብለው አስነገሩት።

ውጤቱ ከ20 ነው። ስምንቱ ለቡድን፣ 12ቱ ለግል። የግሉ የተወሰነው በቡድን ደብተርና በአምስት ደቂቃ የቃል ጥያቄ ነው። ደብተሩ ላይ እያንዳንዱ ልጅ በራሱ እጅ ጽሑፍ፣ ዛሬ ምን ቀየርን፣ ለምን ቀየርን የሚለውን ይጽፋል።

ግራና ቀኝ

የኮረሱ መዝሙሮች ስትሮፌና አንቲስትሮፌ በሚባሉ ክፍሎች የተሠሩ ናቸው። ትርጉማቸው መዞርና መልሶ መዞር ነው። ይህን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የልጆቹ ፊት ላይ ምንም አልታየም። ከዚያ ወደዚህ ትምህርት ቤት ከመምጣቱ በፊት አብነት ትምህርት ቤት የቆየ አንድ ልጅ እጁን አወጣ። "ቲቸር፣ ይኼማ ግራና ቀኝ ቆሞ መቀባበል ነው። ማኅሌት ላይ አንዱ ወገን ያነሳል፣ ሌላው ይመልሳል" አለ። ከጀርባ የተቀመጠች ሙስሊም ተማሪም፣ "መንዙማም እኮ አውጪና ተቀባይ አለው" አለች።

ወዲያው ክፍሉ ሞቀ። ሁለት ረድፍ ሠርተው ተፋጠው ቆሙ። በመጀመሪያው ረድፍ የከተማዋን ድል የሚያወድሱት፣ በሁለተኛው የሚፈሩት ሆኑ። ያ የአብነት ልጅ ግን ቀጠለና፣ "መቋሚያና ጸናጽል አንነካም፤ ያ ለሌላ ነው" አለ። ማንም አልተከራከረውም። ሐሳቡን፣ ማለትም አሰላለፉንና መቀባበሉን ወሰዱ። ቅዱሱን ነገር በቦታው ተዉት። ወሰኑን ያሰመረው እኔ ሳልሆን ነገሩን ከውስጥ የሚያውቀው ልጅ ስለሆነ ማንም አላጉረመረመም።

ሙሾው

አሁን ወደ እናትየው ልመለስ።

አንቲጎኔ ወደ ዋሻው ስትወሰድ ረጅም ለቅሶ ታለቅሳለች። ያንን ትዕይንት የያዘው ቡድን ሙሾ አደረገው። ልጅቷ ከአያቷ የሰማችውን ዜማ ይዛ ግጥም ሠራችለት። ሳዳምጣት ቆዳዬ ተሸማቀቀ፤ በጣም ጥሩ ነበር። እናትየው እስኪመጡ ድረስ ሌላ ነገር አልታየኝም።

ሰው ሳይሞት ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው። ይህን ሳላውቅ አላደግሁም። "ትምህርት ነው" የሚለው ቃል ነገሩን የሚያጥበው መስሎኝ ነበር። ደግሞም በክፍሉ ውስጥ ቤታቸው በቅርቡ ሐዘን የገባባቸው ልጆች ነበሩ። ወንድም ወንድሙን የገደለበትን ታሪክ ለእነሱ ይዤ ስመጣ ቀድሜ ማሰብ ነበረብኝ።

እናትየውን ይቅርታ ጠየቅኩ። ልምምዱን ለሦስት ቀን አቆምኩ። በሦስተኛው ቀን በሠፈሬ የሚኖሩ፣ ለቅሶ ላይ ግጥም በመደርደር የሚታወቁ አንዲት አዛውንት ዘንድ ሄድኩ። ታሪኩን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና፣ "ልጅቱ ሞታለች?" አሉኝ። "ገና ነው እማማ፤ ልትሞት እየሄደች ነው" አልኳቸው። "ታዲያ ሙሾ ምን አገባው? ሙሾ ለሞተ ነው፣ ሌላ ሰው ነው የሚያወርድለት። ለራሱ የሚያዝን ሰው የሚያንጎራጉረው እንጉርጉሮ ነው።"

ይህን በማግስቱ ለክፍሉ አቀረብኩ። ልጆቹ ጽሑፉን እንደገና ከፈቱ። አንቲጎኔ እዚያ ቦታ ላይ የሚያለቅስልኝ የለም፣ ወዳጅ የለኝም፣ ሳልዳር ቀረሁ ትላለች። ቀደም ሲል ያንን መስመር አልፈውት ነበር። አሁን ቆሙበት። ወንድሟ እንዳይለቀስለት በአዋጅ ተከለከለ። እሷ ያንን ተቃውማ ሄዳ፣ በመጨረሻ ራሷ ያው ዕጣ ደረሳት። አልቃሽ የላትም። ሙሾ ብናወርድላት ኖሮ ይህ ሁሉ ይጠፋ ነበር።

ትዕይንቱ ተቀየረ። ልጅቷ ብቻዋን ቆማ ዝቅ ባለ ድምፅ እንጉርጉሮ አለች። ኮረሱ አይቀበላትም፤ ሁለቱም ረድፍ ዝም ብሎ ያያታል። ሌሎቹን ክፍሎች በሙሉ ሲቀባበል የነበረው ኮረስ እዚህ ላይ አፉን ሲዘጋ፣ ነገሩ ከማንኛውም ሙሾ የከበደ ሆነ።

ሁለት ደንብም ጨመርን። የሐዘን ትዕይንት ቤት አይለማመዱትም። ከልምምድ መውጣት የፈለገ ልጅ ምክንያት ሳይጠየቅ ይወጣል፤ ነጥብም አይቀነስበትም። ሁለት ልጆች ተጠቅመውበታል።

መርዶ

ሌላው የገረመኝ የመጨረሻው ትዕይንት ነው። የአንቲጎኔና የሄሞን ሞት ለምን መድረክ ላይ እንደማይታይ ተማሪዎቹ አልገባቸውም ነበር። "ዋናውን ነገር ደበቀብን" ብለው አጉረመረሙ። ሞቱን የሚናገረው መልእክተኛ ነው። አንዲት ልጅ፣ "መርዶ ነጋሪ ነው እኮ!" ስትል ነገሩ ተገለጠ።

ከዚያ ግን ተቆጡ። መልእክተኛው እውነቱን ሳላለሳልስ እናገራለሁ ብሎ ሁሉን ለሄሞን እናት ለኤውሪዲቄ ይዘረግፈዋል። "መርዶ እንዲህ አይነገርም" አሉ። በእኛ አገር መርዶ ማለዳ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ነው የሚነገር። ቡድኑ ትዕይንቱን በዚህ ወግ አሻሽሎ ጻፈው። ጎረቤቶች ጎሕ ሲቀድ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይመጣሉ። ኤውሪዲቄ ማንም ሳይናገር ይገባታል። ትጮኻለች፣ ይይዟታል።

ጥሩ ጽሑፍ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን አንብበን ስንጨርስ አንድ ዝምተኛ ልጅ ተነሣ። "በእኛው አትሞትም" አለ። "ሰው አለ፣ ይይዛታል። ሶፎክለስ ላይ ከቤት የወጣችው ልትጸልይ ነው። ማንም አላቀፋትም። ዝም ብላ ገባች። የሞተችው ብቻዋን ስለሰማች ነው።" በተውኔቱም ኮረሱ የሚፈራው ይህንኑ ዝምታዋን ነው። በመጨረሻ የሶፎክለስን አቀረብን። የእነሱ ግን በደብተሩ ውስጥ አለ፤ ሙሉ ነጥብ ሰጥቼዋለሁ።

የማቅረቢያው ቀን

ሐይቁ ዳር፣ ሣር ባለበት ትንሽ ተዳፋት ላይ ልናቀርብ አሰብን። የግሪክ ተመልካችም ተዳፋት ላይ ይቀመጥ ነበርና። በመጀመሪያው ልምምድ ተመልካቹን ጀርባውን ለሐይቁ ሰጥቶ አስቀመጥነው፤ ታንኳና ወፍ እያየ እንዳይዘናጋ ነው። ከሰዓት በኋላ ከጣና የሚነሣው ነፋስ ወደ ተጫዋቾቹ ፊት ነፈሰ። ከሦስተኛው ረድፍ ወዲያ አንድ ቃል አይሰማም ነበር። ቦታ አቀያየርን። ተጫዋቾቹ ጀርባቸውን ለውሃው ሰጡ። ነፋሱ ድምፃቸውን ይዞ ወደ ተመልካቹ መጣ። ወላጆች መጡ። እናትየውም መጡ፤ ልጃቸው ስታንጎራጉር ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሲያነሡ አይቻለሁ።

ያልሠራው

እርስ በርስ ነጥብ መስጠት ከሸፈ። ሁሉም ለሁሉም አሥር ከአሥር ሰጠ። ይሉኝታ ነው፤ አብሮት ዳቦ የሚበላ ልጅ ላይ ማን አራት ይጽፋል? በኋላ ነጥቡን አስቀርቼ፣ "ከቡድንህ አንድ ሰው የሠራውን፣ አንተ ልትሠራው የማትችለውን አንድ ነገር ጻፍ" አልኩ። ይህ ብዙ ነገር አሳየኝ። አንድም ጊዜ ስማቸው ያልተነሣ ሦስት ልጆች እንዳሉ ያወቅኩት በዚህ ነው።

የጠባቂው ትዕይንትም አልተሳካም። ሬሳውን የሚጠብቀው ይህ ወታደር ፈርቶ የሚቀላምድ፣ ተመልካች የሚያስቅ ሰው ነው። ቡድኑ ማሳቁን ወደደውና ከመጠን አለፈ። ስለ ሬሳው የሚናገረው ሁሉ በሳቅ ተዋጠ። በጊዜ መናገር ነበረብኝ፤ ሙሾው ጉዳይ ላይ ተወጥሬ ዘገየሁ። ከዚሁ ቡድን ሁለት ልጆች ተኳርፈው አንዱ እስከ መጨረሻው በስም ብቻ ቆየ።

ጊዜውም ረዘመ። ለአምስት ሳምንት ያቀድኩት ስምንት ወሰደ። የሰዋስው ትምህርት ተገፋ። በዓመቱ መጨረሻ ተቻኩለን ጨረስነው፤ ያ ልክ አይደለም።

ሌላ ክፍል ሊወስደው የሚችለው

እንዲህ ዓይነት ሥራ መስጠት የሚፈልግ መምህር ቢጠይቀኝ መጀመሪያ የምለው ስለ ኮረሱ ነው። ተውኔቱ ኮረስ ባይኖረውም፣ ከየቡድኑ የተውጣጣ፣ የሌሎችን ሰምቶ ካልሆነ ሥራውን መሥራት የማይችል አንድ አካል ይፍጠር። የቡድን ሥራን የጋራ ያደረገልኝ ይህ ነው። ከብዙ ምክር ይልቅ ሠርቷል።

ሁለተኛ፣ ተማሪው ከቤቱ ያመጣውን ወግ ወደ ጥንታዊ ጽሑፍ ሲያስገባ መምህሩ "እንዴት ተመሳሰለ" ብሎ ብቻ አይደሰት። የሚጠቅመው የማይገጥምበት ቦታ ነው። ሙሾው አልገጠመም፤ ከዚያ አንቲጎኔ አልቃሽ እንደሌላት አየን። የመርዶ ወጋችን አልገጠመም፤ ከዚያ ኤውሪዲቄ ብቻዋን መሆኗን አየን።

ሐዘን ያለበት ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ ወላጆችን ከልምምዱ በፊት ማነጋገር ይገባል። እኔ ከልምምዱ በኋላ ነው ያነጋገርኩት። አንድ ገጽ ደብዳቤ ይበቃ ነበር። የግል ነጥቡ ከቡድኑ ነጥብ መብለጥም አለበት፤ አለዚያ 1ለ5 ተመልሶ ይመጣል።

ዘንድሮ

በቃል ጥያቄው ላይ አንዲት ተማሪ እኔኑ ጠየቀችኝ። "ቲቸር፣ ኢስሜኔ የት ገባች?" ኢስሜኔ የአንቲጎኔ እህት ናት። መጀመሪያ በፍርሃት ወደኋላ ትላለች፤ በኋላ ከእህቷ ጋር ልሙት ትላለች፣ አንቲጎኔ አትቀበላትም። ክሬዎን ከሞት ካወጣት በኋላ በተውኔቱ ውስጥ ስሟ አይነሣም። አንቲጎኔ እንኳ ራሷን ከንጉሣዊው ዘር የቀረሁ የመጨረሻዋ ነኝ ስትል እህቷን አትቆጥራትም። አላለቀሰችም፣ አልቀበረችም፣ ወዴት እንደሄደች አይታወቅም።

የዘንድሮው ክፍል ሥራውን የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ኢስሜኔ በማግስቱ። ካለፈው ዓመት ሦስት ልጆች ለማገዝ ፈቃደኛ ሆነዋል። ደብዳቤው ለወላጆች ሄዷል። አዛውንቷም አንድ ከሰዓት መጥተው ከልጆቹ ጋር ሊቀመጡ ተስማምተዋል። አሁን ሟች አለች፣ የምታለቅስላትም እህት አለች። ልጆቹ ካሁኑ፣ "እንግዲህ ሙሾ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም?" እያሉ እየተከራከሩ ነው።